የሰው ወርቅ አያደምቅ
(ለዘመድና ለወዳጅ ስጦታ ስንት ብር ይበቃል?)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 የዐቢይ ጾም 55 ቀን እየተገባደደ ሲሄድ፣ በተለይ ደብረ ዘይት አልፎ ገብርኄር ሲደርስ፣ በየቤቱ አንድ ወሬ ይጀመራል። «ለፋሲካ ለእማዬ ምን ልውሰድ? ለአማቶቼስ? ለክርስትና ልጄ ልብስ ልግዛላት ወይስ ገንዘብ ልስጣት? አምና እነ እገሌ በግ ይዘው ነው የመጡት፤ እኔ በዶሮ ብሄድ ምን ይሉኛል?» ጾሙ ሥጋን አድክሞ ነፍስን ሊያሳርፍ የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት በሒሳብ ተጨንቀን እናሳልፋቸዋለን። ቆመን እያስቀደስን እንኳ ልባችን በግ ተራ ነው።

ይህች ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ትንሽ አይደለችም። ለንስሐ ስንዘጋጅ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ መጠጡን እንቆጥራለን። «ከአቅሜ በላይ ስጦታ ሰጥቼ ሰው በደልሁ» ብሎ የሚቆጥር ግን እምብዛም ነው። ስጦታ ደግ ሥራ ነውና በውስጡ ኃጢአት ይኖራል ብለን አንጠረጥርም። እኔም አልጠረጠርሁም ነበርና ከራሴ ልጀምር።

የዘጋሁት ስልክ

በ2013 ዓ.ም. ነው። ከአብነት ትምህርት ቤት ወጥቼ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ፣ አዲስ አበባ ሥራ የገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት። ደመወዜ ተቆራርጦ እጄ ላይ የሚደርሰው 3,800 ብር ነበር። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ አለ፣ ታክሲ አለ፣ ምሳ አለ። እናቴ የምትኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። «ልጇ ከተማ ሥራ ያዘ» ተብሎ በመንደሩ ተወርቷል። ባዶ እጄን ብሄድ እናቴ ክፉ ቃል እንደማትናገረኝ አውቃለሁ። የፈራሁት መንደሩን ነው።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወንድም ነበር። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ለወሊድ ብሎ ያጠራቀመውን 8,000 ብር «ደመወዝ ስንቀበል እመልስልሃለሁ» ብዬ ተበደርሁት። ለእናቴ የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው፣ ለታናሽ ወንድሜ ጫማ፣ ለአጎቴ ጃኬት፣ ለቤቱ በግ፣ ለጎረቤት ቡናና ስኳር ገዛሁ። የተማርሁት ሒሳብ አያያዝ ነበር፤ 8,000 ከ3,800 እንደማይወጣ ለማወቅ ግን ዲፕሎማ አያስፈልግም። አውቄ ነው ያላሰብሁት።

መንደሩ ተደሰተ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። «እንዲህ ነው ልጅ!» ተባልሁ። በትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴ ቆሜ ልቤ በደስታ ሞልቶ ነበር፤ ደስታው ስለ ትንሣኤው ይሁን ስለ በጉ ግን ዛሬም ለይቼ መናገር አልችልም።

ደመወዝ ደረሰ። ወንድሜ አንዴ ጠየቀኝ፤ «ለሳምንት» አልሁት። ሁለተኛ ጠየቀኝ፤ «ሰኞ» አልሁት። ሦስተኛ ማታ ላይ ሲደውል ስልኬን ዘጋሁ። ለካ ያን ሌሊት ሚስቱን ምጥ ይዟት ኖሮ፣ ለመኪና የሚከፍለው ቸግሮት ነው የደወለው። ከጎረቤት ለምኖ ወሰዳት። እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ተገላገለች። እኔ ግን በማግስቱ ስሰማ፣ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልሁ።

ወሬው በሀገር ሰው በኩል እናቴ ጆሮ ደረሰ። ደውላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ያ ቀሚስ የማን ነው?»

«ያንቺ ነዋ እማዬ።»

«የኔስ አይደለም። ያለበሰችኝ ያች ወላድ ናት። ዕዳውን እስክትከፍል ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። የሰው እንባ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም።»

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ በየወሩ 2,000 ብር ከፈልሁ። ያን ወንድም እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ አነሣኝ። እናቴም ቀሚሱን ለመስቀል ለበሰችው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ዓመት ነው። ለእናቴ የሰጠኋት የእኔን አልነበረም፤ የወንድሜን ነበር።

አክፋይ ምን ነበረ?

ውድ አንባብያን፣ በብዙ የገጠር አካባቢ ለፋሲካ ወደ ወላጅ፣ ወደ አማት፣ ወደ ክርስትና አባትና እናት የሚወሰድ «አክፋይ» የሚባል ስጦታ አለ። ድፎ ዳቦ ነው፤ ጠላ ነው፤ የቻለ ዶሮ ወይም በግ ይጨምራል። ስሙ እንደሚያሳየው ከአክፍሎት ጋር የተዛመደ ነው። አክፍሎት ማለት ምእመናን እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውኃ ሳይቀምሱ የሚቆዩበት ጾም እንደሆነ ታውቃላችሁ። እንግዲህ አክፋዩን ይዞ የሚሄደው ሰው በሥራው «ጾመሃልና ጉሮሮህ ደርቋል፤ ከእጄ ግደፍ» ማለቱ ነው። ስጦታው የሚመለከተው የጾመኛውን ጉሮሮ ነው፤ የሰጪውን ስም አይደለም። አቅም የሌለው ዳቦዋን በአገልግል አድርጎ ይሄዳል፤ ተመርቆም ይመለሳል።

ዛሬ ልማዱ አለ፤ አሳቡ ግን እየተለወጠ ነው። «ጾመሃልና ግደፍ» የነበረው «ከእገሌ አላንስም» ወደሚል ተዛውሯል። ይሉኝታ በፍቅር ወንበር ተቀመጠ። ይሉኝታ ደግሞ በልቶ አይጠግብም። ዘንድሮ በበግ ብታስታግሠው ለከርሞ በሬ ይጠይቅሃል።

የገብርኄር ሚዛን

ቤተ ክርስቲያናችን በጾሙ ስድስተኛ እሑድ የገብርኄርን ወንጌል ታነብልናለች (ማቴ. 25፥14-30)። ጌታው ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ መክሊት ሰጠ፤ የሰጠውም ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ ነው። ባለ ሁለቱ ሁለት አትርፎ ሲመጣ፣ ጌታው «ስለምን እንደ ባለ አምስቱ አላመጣህም?» አላለውም። ለባለ አምስቱ የተባለው ምስጋና ሳይቀነስ ለእርሱም ተባለ። እስቲ ይህን ልብ እንበል። ጌታችን ራሱ ከባለ ሁለት መክሊቱ አምስት ካልጠየቀ፣ እኛ ከራሳችን የምንጠይቀው በማን ፈቃድ ነው?

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ልብ ፈቃደኛ ከሆነ ስጦታ የሚወደደው ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን እንዳልሆነ አስተምሯል (2ኛ ቆሮ. 8፥12)። በሌለው መጠን የሚሰጥ ሰው የግድ የሌላውን ይሰጣል። የአበዳሪውን፣ የሚስቱን፣ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ። ስጦታው ወረቀት ተጠቅልሎ ሲያምር የማን እንደነበረ አይታይም፤ እግዚአብሔር ግን ያያል።

ነገር ግን ይህ ሚዛን ሁለት ወገን አለው። ያው ወንጌል መክሊቱን የቀበረውንም ይፈርድበታል። አቅም ሳይኖረው የሚበደር እንዳለ ሁሉ፣ አቅም እያለው «ገጠር ላለች እናት ምን ያደርግላታል?» የሚልም አለ። በአንድ ማታ ለጓደኞቹ የጋበዘውን ያህል እንኳ ለዓመት በዓል አይልክላትም። ጌታችን በወንጌል ፈሪሳውያንን የገሠጻቸው ለወላጅ የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን ነው» እያሉ ስለከለከሉ ነው (ማር. 7፥9-13)። በእግዚአብሔር ስም እንኳ ወላጅን መከልከል ካልተፈቀደ፣ በመዝናኛ ስም እንዴት ይፈቀዳል? ስለዚህ «እንደ ዓቅሜ» የምትለዋ ቃል ለድኻው ዕረፍት ናት፤ ለንፉጉ ግን መሸሸጊያ አይደለችም።

ሽቱው ውድ አልነበረምን?

እዚህ ላይ አንድ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል። «ዲያቆን፣ አንተ ሁሉንም በሳንቲም አደረግኸው። ፍቅር ሒሳብ ያውቃል እንዴ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ በቢታንያ ሽቱ ያፈሰሰችውን ሴት እናስባለን። ሽቱው 300 ዲናር ሊሸጥ ይችል እንደነበር ተጽፏል (ማር. 14፥3-9፤ ዮሐ. 12፥1-8)። አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር (ማቴ. 20፥2)። ስለዚህ በአንዲት ሰዓት የፈሰሰው የቀን ሠራተኛ አንድ ዓመት ገደማ የሚደክምበት ነው። ይሁዳ «ተሽጦ ለድኾች አይሰጥም ነበርን?» ብሎ አጉረመረመ። ጌታችን ግን ያገዘው ይሁዳን አይደለም፤ እርሷን ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እማራለሁ። አንደኛው፣ ውድ ስጦታ በውድነቱ ብቻ ኃጢአት አይደለም። ልጅ ለዓመታት አጠራቅሞ ለእናቱ ቤት ቢያድስላት፣ ባል ለሚስቱ ወርቅ ቢገዛላት፣ ከእኛ የሚጠበቀው «እሰይ» ማለት ነው። የሰውን ስጦታ እየመዘኑ «ይህ ብር ለድኻ አይሰጥም ነበር?» ማለት የይሁዳ ሥራ ነው፤ እርሱም ስለ ድኾች ገዶት እንዳልነበረ ወንጌሉ ይነግረናል። ሁለተኛው ግን፣ ሴቲቱ የሰጠችው ከእጇ የነበረውን ነው። የተመሰገነችውም የተቻላትን ስላደረገች ነው። ተበድራ ገዝታ፣ አበዳሪዋን በር ላይ አስቁማ ቢሆን ኖሮ ሽቱው ይሸት ነበር? ለእኔ አይመስለኝም።

ስጦታ የማይተካው

ያዕቆብ ወንድሙን ዔሳውን ፈርቶ የላከለትን ስጦታ ቁጠሩት። ፍየል፣ በግ፣ ግመል፣ ላምና በሬ፣ አህያ፤ የግመሎቹ ግልገሎች ሳይቆጠሩ 550 እንስሳት ይሆናል (ዘፍ. 32፥13-15)። በመንጋ በመንጋ ከፍሎ ከፊቱ ሰደደው። ዔሳው ግን ሲደርስ ምን አደረገ? አስቀድሞ ሮጦ አቀፈው፣ ሳመው፣ አለቀሱ። ስጦታውን የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ እንዲያውም «ለእኔ ብዙ አለኝ፤ የአንተ ለአንተ ይሁን» በሚል አሳብ መለሰለት (ዘፍ. 33፥4-9)። ዕርቁን ያመጣው መንጋው አይደለም።

በየቤታችን እንዲህ ያለ ነገር አለ። ከእኅቱ ጋር ዓመት ሙሉ ሳይነጋገር ቆይቶ በፋሲካ በግ የሚልክ አለ። አንዲት «ይቅር በይኝ» የምትል ቃል ከበጉ ትቀላለች፤ ምላስ ላይ ግን ትከብዳለች። ስለዚህ በገንዘብ እናልፋታለን። ገንዘቡ ይገባል፤ ቂሙ ይቀራል።

ደግሞም ስጦታ ፍቅርን ሊያፈርስ ይችላል። ያዕቆብ ለዮሴፍ ብቻ ያሠራለት ቀሚስ በወንድሞቹ ልብ ምን እንዳበቀለ እናውቃለን (ዘፍ. 37፥3-4)። ለባል እናት ጋቢ፣ ለሚስት እናት ሻሽ ከሆነ፣ ዋጋው ሳይሆን ልዩነቱ ነው ቤቱን የሚያውከው። ስለዚህ ባልና ሚስት አስቀድመው በአንድ ላይ ይቁጠሩ። አንዱ ከሌላው ደብቆ የሚሰጠው ስጦታ ለተቀባዩ ማር ቢሆን ለትዳሩ ሬት ነው።

ተቀባይስ?

እስካሁን ስለ ሰጪ ተናገርን። ነገር ግን ሰጪውን ወደ ዕዳ የሚገፋው ብዙ ጊዜ ተቀባዩ ነው። በዓረብ ሀገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን ለበዓል ስትደውል፣ «ደኅና ነሽ? እንቅልፍ ታገኛለሽ? የጾም ምግብስ ይሰጡሻል?» ከማለት በፊት «ስንት ላክሽ?» የሚባልበት ቤት አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ «አሁንማ ብርሽ በዝቷል» የሚል ዘመድ በዛ። የእርሷ ድካም ግን አልቀነሰም። ውጭ ሀገር ያለ ወንድምም ሁለት ሥራ ሠርቶ የላከውን፣ እኛ ለአንድ ቀን ድግስ አድርገን «ይኼ ብቻ?» ብንል በነፍሱ እንጫወታለን።

ተቀባይም ጾም አለበት። የዓይን ጾም፣ የአንደበት ጾም። «ምን አመጣህልኝ?» የሚለውን ትቶ «እንኳን መጣህ» ማለት። እናቴ ቀሚሱን ሣጥን ውስጥ ባታስቀምጠው ኖሮ፣ እኔ ለከርሞም ተበድሬ በሬ እወስድ ነበር። ያዳነኝ መስጠቴ ሳይሆን የእርሷ አለመቀበል ነው።

ታዲያ ስንት?

የንስሐ አባቴን ይህንኑ ጠይቄአቸው ነበር። «አባ፣ ቁርጡን ይንገሩኝ፤ ስንት ብር ይበቃል?» ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ብሩን እኔ አላውቅልህም፤ ተራውን ግን ልንገርህ» አሉኝ። የነገሩኝ ተራ ይህ ነው።

አስቀድሞ የሰው ገንዘብ። ዕዳ ካለብህ፣ ደመወዝ ያልከፈልኸው ሠራተኛ ካለ፣ ያ ገንዘብ ያንተ አይደለምና ስጦታ ልታደርገው አትችልም (ሮሜ 13፥8)። ቀጥሎ በቤትህ ያሉት፤ ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሃይማኖትን ክዷልና (1ኛ ጢሞ. 5፥8)። ከእነርሱ ጋር ወላጆችህ። ከዚያ ወዳጅ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ። «ድኻውሳ የት አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ድኻው ተራ አይጠብቅም፤ በየተራው ሁሉ ድርሻ አለው» አሉኝ።

ይህ የመጨረሻው ቃል ብዙ አሳሰበኝ። ለወዳጅ የምንሰጠው አብዛኛው ተመልሶ ይመጣል። በሠርጉ ሰጥተነው በሠርጋችን ይሰጠናል። ስንቀበልም «ብድር መላሽ ያድርገን» እንላለን፤ ቃሉ ራሱ ብድር ነው። ይህ ክፉ አይደለም፤ ሰው ተደጋግፎ የሚኖርበት ነው። ግን ጌታችን ግብዣ ስናደርግ ብድር ሊመልሱ የማይችሉትን እንድንጠራ አስተምሮናል (ሉቃ. 14፥12-14)። ስለዚህ በበዓሉ ከምንሰጣቸው ስጦታዎች ቢያንስ አንዷ የማትመለስ ትሁን። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡት፣ ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ ጎረቤት፣ በአብነት ትምህርት ቤት ቁራሽ ለምኖ ለሚማር ተማሪ። በጾሙ የተውነው የቁርስ ዋጋ እኮ ለዚህ ነው። ያን ቆጥበን መልሰን ለይሉኝታ ካዋልነው የጾምነው ለይሉኝታ ነው።

በሥራም የሚረዱ ጥቂት ነገሮች ልጨምር። የስጦታውን ልክ በጾሙ መጀመሪያ ወስኑት፤ በበዓሉ ዋዜማ ገበያ መካከል ቆማችሁ አትወስኑት። በሳምንት 200 ብር የምታስቀምጥ ሴት በስምንቱ ሳምንት 1,600 ብር ይኖራታል፤ የድፎ ዳቦ ዱቄቱንና የቡናውን ወጪ ያለ ዕዳ ትሸፍናለች። አንድ በግ ከ10,000 ብር በላይ በሚጠራበት በዛሬው ገበያ፣ አራት ልጆች ለየብቻ ከሚጨነቁ እንደ ቅርጫ አዋጥተው አንድ ለወላጅ ቢያርዱ ምን ይጎድላል? ያልቻለም «ዘንድሮ አልሞላልኝም» ይበል። ይህች ቃል ከዕዳ ታድናለች፤ ነውርም አይደለችም።

ሁሉ ቢቀር አንዲት መፈተኛ ያዙልኝ። ልትሰጡ ያሰባችሁትን በልባችሁ ስጡና ወደ ፋሲካ ማግስት ተሻገሩ። ስልካችሁ ሲጠራ ቁጥሩን ሳትፈሩ ማንሣት ትችላላችሁ? በመንገድ የምትሸሹት ሰው የለም? ቤታችሁ የሚበላው አለ? ከሆነ ስጡ፤ ጨምራችሁም ስጡ፤ እግዚአብሔር በደስታ የሚሰጠውን ይወዳልና (2ኛ ቆሮ. 9፥7)። ካልሆነ ግን ቀንሱ። የቀነሳችሁት ከፍቅር አይደለም፤ ከይሉኝታ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ለፋሲካ ወደ እናቴ ስሄድ የያዝሁት ሁለት ኪሎ ቡናና ለቤተ ክርስቲያን የምትወስደው ጧፍ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ዓይኗን ወደ ደጅ ጣል አድርጋ «ዘንድሮስ በግ የለም?» አለች። እኔ «አልሞላልኝም» ልል አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«ልጄ ዘንድሮ ስልኩን ከፍቶ ነው የመጣው» አለች። ቡናውንም ቆላችው።

አምላካችን እንደ ዓቅማችን የምንሰጥበትን ልብ፣ ባለን የምንደሰትበትን ዓይን ያድለን። ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።